ስታብላይዘሩን አትፍቱት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አንድ ሃይሉክስ ወይም ሀርድቶፕ ለገጠር መንገድ ይዘጋጅ ሲባል የሚደረግለት ነገር ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ከኋላ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ይደረብበታል፤ ከፊት የሞላው ራስ ላይ ወፍራም ብረት ይገባና መኪናው ብድግ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ከፊት በኩል መንኳኳት ይጀምራል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሲያይ የስታብላይዘሩ ሊንክ አጋድሎ ቆሟል፣ ጎሚኒው በአንድ ወገን ተበልቷል፣ አለበለዚያም ሊንኩ ጭራሹን ተሰብሯል። መፍትሔው በአንድ ቃል ያልቃል፦ «ፍታው»። ስታብላይዘር የሚባለው ዘንግ ይወርድና ጋራዡ ጥግ ካለው የብረት ክምር ጋር ይቀላቀላል፤ ባለመኪናውም መኪናው እንደለሰለሰለት እየተናገረ ይሄዳል። ይህ የአንድ ሰነፍ መካኒክ ስህተት ቢሆን ኖሮ መጣጥፍ ባላስፈለገው። ነገር ግን በሾፌሩም፣ በባለንብረቱም፣ በመሥሪያ ቤቱ የትራንስፖርት ኃላፊም ዘንድ እንደ እውቀት የተያዘ አመለካከት ነው፦ ስታብላይዘር ለአስፋልት ነው፣ ለጭቃና ለድንጋይ የወጣ መኪና አያስፈልገውም፣ ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ጠንካራ መኪና ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ስታብላይዘር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ከፍ ለተደረገ መኪና ነው። ከፍታው ያበላሸውን አቀማመጥ ማስተካከልም እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ እጅ ላይ ባለ ብረት፣ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ባነሰ ወጪ የሚሠራ ሥራ ነው።

ዘንጉ ምን እንደሚሠራ ከታወቀ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሁለት ጫፉ የታጠፈ የሞላ ብረት በየጫፉ ባለ ሊንክ የግራውን ጎማ ከቀኙ ጋር ያስተሳስራል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡና እኩል ሲወርዱ ዘንጉ ማሰሪያው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ተቃውሞ የለውም። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሲወርድ ግን፣ ማለትም መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ሲያጋድል፣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ለመመለስ ሲታገልም አካሉን አብሮ ያቃናዋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከውፍረቱ ነው፤ ያውም ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። የ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ28 ቢተካ የሦስቷ ሚሊ ሜትር ልዩነት ጉልበቱን ከግማሽ በላይ ትጨምረዋለች። ከሌላ መኪና የተፈታ ዘንግ «ልክ ነው፣ ይገባል» ተብሎ ብቻ የማይገጠመውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የመገልበጥ ሒሳብ አለ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግማሹ ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ለምሳሌ ጎማዎቹ 150 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና 1.07 ያገኛል። ማዕከሉ በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። ፖርቶ መጋላው ላይ የጉና ሥር ድንች በጆንያ ሲደረደር ደግሞ ከዚያም በታች ነው። እርግጥ ስታብላይዘር ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ ይህን ሳያምኑ መከራከር አይገባም። የሚለውጠው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አካሉ ባጋደለ መጠን ክብደቱ ራሱ ወደ ውጭኛው ጎማ ይሸሻል፤ ሾፌሩ መሪውን ወደ ሌላ ወገን ሲመልሰውም ያጋደለው አካል ኃይል ይዞ ነው የሚወረወረው። ብዙ ጊዜ አደገኛው የመጀመሪያው ማጠፍ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ነው። ከፍ ያለ አካል በረጅም ክንድ ስለሚገፋ ከዝቅተኛው አብልጦ ያጋድላል። እንግዲህ መጋደሉን በገዛ እጃችን ከጨመርን በኋላ መጋደልን ለመከላከል የተሠራውን ዕቃ አውጥተን እንጥላለን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፊቱን ፈትቶ የኋላውን ማጠንከሩ ነው፤ ይህን ከሾፌሮችም ከመካኒኮችም የሚያስተውለው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሃይሉክስ ስታብላይዘር ያለው ከፊት ብቻ ነው። የኋላው ባሌስትራ በተፈጥሮው መጋደልን ይቋቋማል፤ የፊቱ ሞላ ግን ለብቻው ስለማይችል ዘንጉ ያግዘዋል። ፋብሪካው ይህን ሚዛን ያስቀመጠው በድንገተኛ መታጠፍ ላይ ቀድመው የሚንሸራተቱት የፊት ጎማዎች እንዲሆኑ ነው። የፊቶቹ ሲንሸራተቱ መኪናው ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ ሾፌሩ ነዳጁን ለቀቅ ቢያደርግ ይመለስለታል። የኋላዎቹ ሲቀድሙ ግን መኪናው ይዞርና በጎኑ ይሄዳል፤ በጎኑ የሚንሸራተት ከፍ ያለ መኪና ደግሞ አንድ ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ጎማውን ከያዘው ይገለበጣል። የፊቱን ዘንግ ያወረደና ከኋላ ባሌስትራ የደረበ ሰው መጋደልን የመቋቋሙን ሥራ ጠቅልሎ ወደ ኋላ አሻገረው። የኋላው የውጭ ጎማ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይለቃል። ጭነቱ ወርዶ በባዶ ሲመለስ ደግሞ የተደረበው ባሌስትራ የኋላውን ያዘልለዋል፤ ጎማው መሬት የሚረግጠው እየተቆራረጠ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፦ ለስላሳነት ፍለጋ ተወጥቶ መሪ ይጠፋል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ ነው የሚል ካለ የስዊድኑን «ቴክኒከንስ ቫርልድ» መጽሔት ፈተና ይመልከት። መጽሔቱ መኪኖችን የሚፈትነው መንገድ ላይ ድንገት ከተጋረጠ አጋዘን እንደሚያመልጥ ሾፌር መሪውን ወደ አንድ ወገን፣ ወዲያውም ወደ ሌላው በማዞር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የመርሴዲስ ኤ-ክላስ በዚህ ፈተና ተገልብጦ ስመ ጥሩውን ኩባንያ የተሸጡ መኪኖችን ጠርቶ እንዲያስተካክል አስገድዶታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተፈተነው ሃይሉክስ ሁለት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በሁለቱ ብቻ ሄዷል። ልብ በሉ፣ ይህ ሃይሉክስ አዲስ ነው፣ ከፍታው ፋብሪካ እንደሰጠው ነው፣ ስታብላይዘሩም በቦታው ነው። እኛ ይኸንኑ መኪና ከፍ አድርገን፣ ዘንጉን ነቅለን፣ ሰውና ጆንያ ጭነንበት ነው የምንነዳው። አጋዘን የለንም ለሚል ደግሞ የወረታ–ወልድያን መንገድ በገበያ ቀን ማየት ይበቃል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ይህ መንገድ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የፎገራ ሜዳ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ታቦር ሲደርስ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያም በክምር ድንጋይና በጋሳይ የጉናን ወገብ ይዞ ወደ ነፋስ መውጫና ጨጨሆ ይዘልቃል። ኩርባው ብዙ ነው፣ ጭጋጉ በክረምት ከባድ ነው፤ ኩርባውን ሲጨርሱ የተጫነች አህያ ወይም ከመንጋው የተለየች ጥጃ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ማግኘት የዘወትር ነገር ነው። ስታብላይዘር ለአስፋልት ነው የሚለው ሰው የረሳው ይህን ነው። ወደ ስማዳ፣ ወደ እብናት ወይም ወደ ታች ጋይንት የሚወርድ መኪና ሁሉ ከመንገዱ ቢያንስ የተወሰነውን በአስፋልት ይሄዳል፤ የሚፈጥነውም እዚያው ላይ ነው።

የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ክርክር የድንጋዩ ነው፤ እውነትም አለበት። ወንዝ ሲሻገሩ ወይም በጎርፍ የተቦረቦረ ዳገት ሲወጡ አንዱ ጎማ ጉድጓድ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ይሆናል። ያኔ ስታብላይዘር ጎማዎቹን እርስ በርስ ስለሚያስር ወደ ጉድጓዱ መውረድ ያለበት ጎማ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ ባዶውን ይሽከረከራል። ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄው ከዚህ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት አምራቾች ዘንጉን አልጣሉትም። ቶዮታ በላንድክሩዘር 200 እና በፕራዶ 150 አንዳንድ ዓይነቶች ላይ የፊቱንና የኋላውን ስታብላይዘር በዘይት ግፊት አያይዞ ድንጋይ ላይ እንዲላሉ፣ ኩርባ ላይ እንዲጠነክሩ አደረገ። ጂፕ በራንግለር ሩቢኮን ላይ የፊቱ ስታብላይዘር በቁልፍ ለሁለት እንዲላቀቅ ሲያደርግ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ መልሶ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ለጊዜው ማላቀቅና ለዘላለም ማስወገድ አንድ አይደሉም። ለእኛም የዚህ ርካሽ አቻ አለ፦ የሊንኩን የታች ቡሎን በእጅ በሚነቀል ወፍራም ፒን መተካት። ሾፌሩ አስፋልቱን ለቆ ክፉው መንገድ ሲጀምር ይነቅለዋል፤ ዘንጉ ጎማውንም የፍሬን ቱቦውንም እንዳይነካ ወደ ላይ ያስረዋል፤ ሲመለስ ይከተዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እንዲያውም እላለሁ፣ አብዛኛው የደቡብ ጎንደር ጠጠር መንገድ ለዚህም አያበቃም፤ መንቀል የሚያስፈልገው እጅግ በዝግታ በሚታለፉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው።

«ለዓመታት ያለሱ ነድተናል፣ ምን ሆንን?» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ ይበልጥ ይዘወተራል፤ ከሁሉ ይበልጥም ደካማ ነው። ስታብላይዘር በአብዛኛው ጉዞ ላይ ሥራው አይታይም፤ የሚፈለገው ለዚያች ለአንዷ ሰከንድ ነው። ያቺ ሰከንድ የደረሰችባቸው ሰዎች ደግሞ ጋራዥ ተቀምጠው ለመመስከር አይመጡም። መኪና ከተገለበጠ በኋላም ምክንያቱ «ፍጥነት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሥር ጎንበስ ብሎ ዘንጉ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮችስ ያለ ስታብላይዘር አልሄዱም ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እነዚያ ከፊትም ከኋላም ደረቅ ባሌስትራ ነበራቸው፤ ባሌስትራው ራሱ መጋደልን ይይዛል። ፍጥነታቸውም ዛሬ በዲፎርዲ ሞተር ከሚበረው ፒክ አፕ ጋር አይወዳደርም። የፊታቸውን በሞላ የተኩት መኪኖች ምቾቱን ያገኙት ዘንጉን ተማምነው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ በጎማዎቹ ቆሞ፣ የተለመደ ጭነቱን ይዞ ይታያል እንጂ በክሪክ ተነሥቶ አይለካም። ጤነኛ ሊንክ ከዘንጉ ክንድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይቆማል። መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ክንዱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሊንኩ ይጋደማል፣ ጎሚኒው በአንድ ጠርዙ ይታኘካል፤ ያ መንኳኳትም የሚመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ የተነሣውን ያህል መመለስ ነው፤ መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ዘንጉን ራሱን ማውረድ ነው፦ ማሰሪያዎቹ ሻንሲው ላይ በሚታሰሩበት ቦታ በሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት ያለው ድፍን ብረት ይገባል፤ ቡሎኖቹም በዚያው ልክ ረዝመው፣ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈባቸው ሆነው፣ በማይላላ ዳዶ ይታሰራሉ። ሮንዴላ ደራርቦ ማስነሣት ሥራ አይደለም፤ ይላላል። ሁለተኛው ሊንኩን ማስረዘም ነው። ሊንኩ በረጅም ቡሎንና በጎሚኒ የተሠራ ዓይነት ከሆነ ወጪው የቡሎንና የአጭር ቱቦ ዋጋ ብቻ ነው፤ ቱቦው በመጋዝ ይቆረጣል፣ ቡሎኑ ይለወጣል፣ አለቀ። በሁለት ጫፉ የሚዞር ራስ ያለው ዓይነት ከሆነ ግን መሐሉን ቆርጦ መበየድ አይሆንም፤ እሳቱ የራሶቹን ውስጥ ይበላል። ቶርኖ ቤት ወስዶ በጥርስ የሚያያዝ ማራዘሚያ ማስቀረጽ ይሻላል። ዘንጉ ከሻንሲው ሳይሆን ከአክሰሉ ጋር በሚታሰርባቸው መኪኖች ላይ ማሰሪያውን በብረት ማውረድ አይሠራም፤ ለእነሱ ሊንኩን ማስረዘም ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ክልክል ነው፦ ዘንጉን ራሱን መበየድ፣ ወይም በእሳት አግሎ ማጠፍ። ስታብላይዘር በሙቀት ታክሞ የጠነከረ የሞላ ብረት ነው፤ የበያጁ እሳት ሲነካው ያ ሕክምናው ይጠፋል፣ ከብየዳው አጠገብም ይሰበራል። የሚሰበረው ደግሞ በጣም በተጠመዘዘበት ሰዓት፣ ማለትም በጣም በተፈለገበት ሰዓት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው ጎሚኒ ለጊዜው ያደርሳል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ በየአገልግሎቱ መታየት አለበት። ሥራው ሲያልቅ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ እስከ መጨረሻው ማንሣትና መሪውን ወደ ሁለቱም ወገን ማዞር ያስፈልጋል፤ ዘንጉ የአክሱን ላስቲክ ወይም የፍሬን ቱቦውን የሚነካ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። መኪና ከፍ ሲደረግ የፍሬን ቱቦው አብሮ አይረዝምም፤ በብዙ ቦታ የማይታየው ሌላው አደጋ ይህ ነው።

ከሌላኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ያለውን የጋራዥ ሥራ በሙሉ የሚጸየፉ አሉ። እነሱ የሚሉት ወይ ኦሪጅናል ይገዛ፣ ወይ ከውጭ የተዘጋጀ ዕቃ ይምጣ ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ አገሩ ግን የት እንዳለ እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ሁሉ ናረ። ያሉን ሃይሉክሶችና ሀርድቶፖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ መለዋወጫቸው በፋብሪካ ዋጋ የማይገዛ ሆኖ ሳለ «ኦሪጅናል ወይም ምንም» ማለት በተግባር ምንም ማለት ነው፣ ያም ዘንጉን መጣል። ከውጭ የሚመጣው ማስተካከያ ራሱ ተፈትሾ ሲታይ ሁለት ድፍን ብረትና ረጃጅም ቡሎን ነው፤ ልዩነቱ ቀለሙና ማሸጊያው ነው። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ልኩን መጠበቅና የት መበየድ እንደማይገባ ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ደብረ ታቦር ውስጥ ለሚሠራ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ አስቸጋሪ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን መኪናው ከፍ ማለት ነበረበት ወይ የሚለው ነው። ስለ ከፍታ ያለው እምነት ግማሹ ባዶ ነው። ሞላና ባሌስትራ ሲነሣ የሚነሣው ሻንሲውና አካሉ ነው፤ የኋላው ዲፈረንሻል ከአክሰሉ ጋር ጎማው ላይ ስለተቀመጠ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምርም። ወደ ስማዳ ሲወርዱ ድንጋይ የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ነው። እሱን የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ለክፉ መንገድ መልሱ ሁልጊዜ ከፍታ እንዳልሆነ የአገሩ ታሪክም ያስታውሳል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥታ ወደ መቅደላ የተጓዘችው፣ ጋፋት ላይ የተሠራችው መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ትመዝን ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎችም ለእሷ ብለው ገደል እየናዱ መንገድ ደለደሉ እንጂ ሠረገላዋን ከፍ አላደረጉላትም። ሰውና ጭነት ለሚያመላልስ የዚህ አገር ፒክ አፕ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ማንሣት የሚያስገኘው ጥቅም አይታየኝም፤ እስከዚያ ድረስ ያለውን ደግሞ ከላይ በተነገረው መንገድ ማስተካከል ይቻላል።

አምቡላንስ የምታስተዳድሩ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመስክ ሠራተኞቻችሁ መኪና የምትመድቡ መሥሪያ ቤቶች፣ በራሳችሁ ፒክ አፕ የምትነግዱ ባለንብረቶች፦ መኪናችሁ ቀጥሎ ጋራዥ ሲገባ ከሥር ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ጎማ እስከ ፊት ጎማ የሚዘረጋውን ዘንግ ፈልጉ። ከሌለ ማን እንደፈታው ጠይቁና አስመልሱት። ለዓመታዊ ምርመራ መኪና የሚያቀርቡም፣ ቦሎ የሚሰጡም ይህን ቦታ ይመልከቱ። ከፍ ተደርጎ ያለ ስታብላይዘር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ቢይዝም መብራቱ ቢበራም ሰው ለመጫን ብቁ አይደለም።